አዳዳ ኩለኒ ሻርፗን ያወለቀችበት ዓመት

ባለፈው ጥር ለአጎቴ ልጅ ሰርግ ነቀምቴ ሄጄ ነበር። ባኬ ጃማ የሚባለው ሰፈር ከባጃጅ ወርጄ ወደ ድሮው ሰፈራችን ሳዘግም፣ በቅርቡ ከተከፈተ የሴቶች የውበት ሳሎን የስኳርና የሎሚ ሽታ መጣብኝ። ስኳር ከሎሚ ጋር ተንተክትኮ ሊያር ትንሽ ሲቀረው የሚያወጣው ሽታ ነው። መስታወቱ ላይ በትልልቁ "ቅንድብ፣ ሪዝ፣ አገጭ፣ ሙሉ ፊት፤ በክር፣ በስኳር፣ በዋክስ እናነሳለን" ተብሎ ተጽፏል። ቆሜ አነበብኩት፤ ትንሽ ሄድ ብዬም ተመልሼ አነበብኩት። እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ በዚህ ከተማ ስለ ሴት ልጅ ፂም ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም። ቢያወሩም ለሐሜት ነው። ያን ዓመት ግን በእኛ ግቢ ውስጥ ይኼ ነገር ተቀየረ። የቀየረችው የአባቴ እህት ናት፤ እኔም እዚያው ሆኜ አይቻለሁ።

ኩለኒ ትባላለች። የአባት እህት በኦሮምኛ "አዳዳ" ስለምትባል አዳዳ ኩለኒ እንላታለን። እናቴ የደብረ ማርቆስ ሰዎች ልጅ ናት፤ ነቀምቴ ተወልዳ ብታድግም አማርኛዋ ጎጃሜነቱን አልለቀቀም። እሷም ብትሆን ከእኛ ለምዳ "አዳዳ" ነበር የምትላት። አባቴ እህል የሚጭን አይሱዙ ስለሚነዳ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። አዳዳ ከጊምቢ ተዛውራ የእኛ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ሆና በመስከረም ስትመጣ፣ አባቴ ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍሎ አልጋ ዘረጋላት።

ረጅም ናት። ድምጿ ከሩቅ ይለያል። ስትስቅ ግን ሁልጊዜ አገጯን በእጇ ትይዛለች። ሰው ሲያናግራትም፣ ስታስብም፣ ሰሌዳው አጠገብ ቆማ ስትጠይቀንም ግራ እጇ አገጯ ላይ ነው። እኔ የተማረ ሰው አቋቋም እንደዚያ መስሎኝ ክፍል ውስጥ አገጬን ይዤ መቀመጥ ጀመርኩ። የሒሳብ አስተማሪያችን ጥርሴን አሞኝ እንደሆነ እስኪጠይቀኝ ድረስ እንደዚያው ሆንኩ።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ እኛ ሳንነሳ ከመጋረጃው ጀርባ ጭር ጭር የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ጠረጴዛዋ ላይ ምላጭ አይቻለሁ። እኛም እርሳስ የምንቀርጸው በምላጭ ስለነበር፣ አዳዳ ለክፍላችን ልጆች ሁሉ እርሳስ ትቀርጻለች ብዬ ደመደምኩ። ለጓደኞቼም ተኩራርቼ ነገርኳቸው።

"ታዲያ የኔ ለምን ዶለዶመ?" አለችኝ አንዷ።

እርሳሷን ተቀብዬ ቤት ወስጄ ራሴ ቀረጽኩላት።

በኅዳር አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አዳዳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። አገጯና ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ያለው ቆዳ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ አንዳንድ ቦታም ውሃ ቋጥሯል። "ምች መታኝ" አለችን። እማዬ ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ ልትቀባት ስትል አዳዳ ከአልጋው ዘላ ተነሳች። እማዬ ቅጠሉን እንደያዘች ቆማ አየቻት፤ ብዙ ምች አይታለችና ይኼኛው አልመሰላትም። ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር የተጠቀለለ ፌስታል ጎተተች። ውስጡ ፀጉር የሚያነሳ ክሬም ነበር፤ ቱቦው ላይ የሴት እግር ተስሎበታል።

"ይኼ እኮ የእግር ነው" አለች እማዬ። "ለፊት ይሆናል ያለሽ ማነው?"

"ማንም። ማንን እጠይቃለሁ?"

"እኔን ነዋ።"

አዳዳ ማልቀስ ጀመረች፤ እንባው የተቃጠለውን ሲነካው ደግሞ ያማታልና እያበሰች ነበር የምታወራው። አገጯ ላይ ፀጉር የበቀለው ገና ተማሪ ሳለች ነው። ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ ትላጫለች። ጊምቢ የታጨችለት ሰው አንድ ጠዋት ሳይታሰብ መጥቶ ሳትላጭ አገኛት፤ ሰላም ብሏት ሻይ ጠጥቶ ሄደ፤ በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ነገሩ ቀርቷል ብለው መጡ። ዝውውር የጠየቀችውም ለዚያ ነው። እማዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሰማቻት።

"በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን" አለቻት በመጨረሻ፣ "እኔ ከዚያ ጋ ሽሮ ሳማስል አንቺ ከመጋረጃው ጀርባ በብርድ ውሃ ፊትሽን ትላጫለሽ። እኔ ታዲያ ለምንሽ ነኝ?"

እንዲህ ነበር የምትቆጣው። ያን ጊዜ የእርሳሱ ነገር ገባኝ።

ከግቢያችን መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ሀዋ የምትባል የአሶሳ ሴት ተከራይታ ሹሩባ ትሠራለች፤ ለሙሽሮችም ሂና ትቀባለች። እማዬ ጠርታ አመጣቻት። ሀዋ አዳዳን ወደ መስኮቱ አዞረቻትና ሳትነካት ተመለከተቻት።

"መጀመሪያ ቁስሉ ይዳን" አለች። "ከዳነ በኋላ ደግሞ ፀጉሩ ይደግ። አጭሩን ስኳርም ክርም አይዘውም። ምላጩን አስቀምጪውና ጠብቂ።"

"በወረንጦ አይሆንም?"

"አንድ ሁለት ቢሆን ወረንጦ ይበቃ ነበር። ያንቺን በወረንጦ ከጀመርነው ፋሲካ ይደርሳል።"

"እስኪያድግ እያስተማርኩ ነው የምጠብቀው?"

"እያስተማርሽ ነው" አለች ሀዋ። "ሌላ ፊት ከየት ታመጫለሽ?"

አዳዳ ቁስሏ ሲድን ሥራ ገባች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አገጯን በሻርፕ ጠምጥማ ነበር። ሻርፕ ግን ለሚያስተምር ሰው አይመችም፤ ሰሌዳ ላይ ከፍ ብላ ስትጽፍ ይወርዳል፣ በጠመኔ እጇ ትመልሰዋለች፣ ሻርፑም ፊቷም ነጭ ይሆናል። ልጆቹ አዩ። እኔም ማየታቸውን አየሁ። በእረፍት ሰዓት ተሰብስበው ሲንሾካሾኩ ስደርስ ዝም ይላሉ።

አንድ ጠዋት ክፍል ስንገባ ሰሌዳው ላይ ረጅም ፂም ያለው ፍየል ተስሏል። ከሥሩ በኦሮምኛ "በርሲስቱ አሬዳ" ይላል፤ ፂማሟ መምህርት ማለት ነው። ማጥፊያውን ማን እንደወሰደው አይታወቅም። ጆሮዬ ጋለ። በሹራቤ እጅጌ ላጠፋው ተነስቼ ሰሌዳው ጋ ሳልደርስ አዳዳ ገባች።

"ተቀመጪ ሲፈን" አለችኝ።

ፍየሉን ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው።

"ቀንዱ ጥሩ ነው" አለች። "ጆሮው ግን የውሻ ነው። የፍየል ጆሮ ወደ ታች ይወርዳል።" ጠመኔ አንስታ ጆሮዎቹን አስተካከለች። ከዚያ ጽሑፉን አየች። ቃሉ አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር፤ ጨመረችበት። ቀጥላ ሻርፗን ፈታች፣ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ወደ እኛ ዞረች። ፀጉሩ በደንብ ይታይ ነበር፤ ጥቁር፣ ከአገጯ እስከ መንጋጋዋ።

"አዎ፣ አለኝ" አለች። "አያቴም ነበራት። ሴት ሁሉ ፊቷ ላይ ፀጉር አላት። የብዙዋ ስስ ስለሆነ አይታይም፤ የአንዳንዷ ይጠቁርና ይወፍራል። በደማችን ውስጥ ያለ ነገር ነው እንደዚያ የሚያደርገው። አንዳንዴ ሕመም አለበት፣ አንዳንዴ የለበትም፤ ያንን ሐኪም ያየዋል። ጥያቄ ያለው?"

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ያማል?"

"ፀጉሩ አያምም" አለች አዳዳ። "ሲሳቅብኝ ያመኛል።"

"ደብተር አውጡ" አለችና ከፍየሉ ጎን ትልቅ የቆዳ ሥዕል ሣለች፤ የፀጉሩን ሥር፣ የላብ ቀዳዳውን፣ ሁሉንም። ሁለት እጇን እያወናጨፈች ነበር የምታስረዳን። ፍየሉ እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ እዚያው ቆየ። ማን እንደሣለው አልጠየቀችም፤ እኔ ግን አውቄዋለሁ፣ ምክንያቱም በእረፍት ሰዓት መጥቶ የፍየል ጆሮ እንዴት እንደሆነ እንድታሳየው ጠየቃት።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ቦርሳዋን የተሸከምኩላት እኔ እንደሆንኩ ሰው ሁሉ እንዲያይ በመንገዱ መሐል ነበር የምሄደው። ባጃጆቹ እየጮሁብኝ።

ቅዳሜ ሀዋ ከሰል አቀጣጥላ ስኳርና ሎሚ በድስት ጣደች። እኔ ከረሜላ የምትሠራልን መስሎኝ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወርቃማ ሲሆን አውርዳ አቀዘቀዘችው፤ ከጠርዙም ቆረስ አድርጋ ሰጠችኝ። እኔ እሱን እየመጠጥኩ ሀዋ የቀረውን በጣቷ እየለወሰች በአዳዳ አገጭ ላይ ለጠፈችና ፈልቀቅ አደረገችው። አዳዳ የእናቷን ስም ጠራች። ስኳሩ ላይ ፀጉሩ ከነሥሩ ተሰልፎ ወጥቷል። አፌ ውስጥ ያለውን ልዋጠው ልትፋው ግራ ገባኝ፤ ዋጥኩት። የከንፈሯን ላይ ደግሞ ቆዳው ስስ ነው ብላ በክር አነሳችው። የልብስ መስፊያ ክር ነው፤ አንዱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ በጣቶቿ ታጥፈዋለች፣ ክሩ እንደ መቀስ እየተከፈተና እየተዘጋ ይሄዳል።

ሲያልቅ እማዬ መስታወት አመጣች። አዳዳ ፊቷ ቀልቶ፣ ዓይኗ አብጦ ራሷን አየች።

"ያው እኔው ነኝ" አለች። ቅር እንዳላት ወይም ደስ እንዳላት አልለየሁም። አሁን ሳስበው ገርሟት ነበር።

እማዬ ግን በዚህ አላበቃችም። አዳዳን ሐኪም ካላየሽ ብላ ወጠረቻት። "ወሩን ጠብቆ አይመጣም እያልሽኝ ዝም ብዬ አላይሽም" ስትላት ሰማሁ። የመምህራን ደሞዝ ዘግየት ያለበት ጊዜ ስለነበር፣ ደሞዝ ለመጠየቅ ሆስፒታል ለምን እንደሚኬድ ቢጨንቀኝ አባቴን ጠየቅኩት። አባቴ ሳቁን ለመደበቅ አይሱዙውን ሊያይ ወጣ።

ከሆስፒታል ሲመለሱ አዳዳ ለውጥ ነበራት። ያየቻት ሴት ሐኪም ደሟን አስመርምራ ሆርሞን መሆኑን ነግራታለች፤ የሚዋጥ መድኃኒትም አዛላታለች። መድኃኒቱ አዲስ የሚበቅለውን ያዘገየዋል እንጂ የበቀለውን አይነቅለውም፤ ጊዜም ይፈልጋል። በሌዘር የሚያነሱ ደግሞ አዲስ አበባ አሉ፤ እሱም ምልልስ አለው። "ብትላጪም ችግር የለውም አለችኝ" አለች አዳዳ። "ምላጭ ያበዛዋል የሚባለውም ውሸት ነው፤ ጫፉን ስለሚቆርጠው ነው እጅ ላይ የሚሻክረው። ብትተዪውም ፊትሽ ነው አለችኝ። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‘ምን ትፈልጊያለሽ?’ አለችኝ።"

"ምን አልሻት?" አለች እማዬ።

"አስቤው እንደማላውቅ ነገርኳት።"

አስባ የወሰነችው በስኳርና በክር መቀጠል ነበር። ክሩንም ከሀዋ ራሷ ተማረች፤ በእኔ ክንድ ላይ ስትለማመድ ክንዴ እንደ ሕፃን ለስልሶ ከረመ።

የክፍላችን ወሬ በየቤቱ ገባ። በጎረቤታችን በእትዬ የሺ በኩል ሲወጣ ደግሞ ቅመም ተጨምሮበታል። እትዬ የሺ ከሰላሌ የመጡ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሴት ናቸው። "ወንዳወንድ ሴት ከልጆችሽ ጋር ማሳደር ደግ አይደለም" ብለው እማዬን መክረዋት፣ እማዬም የአጥሩን በር እስከ ዳር ከፍታ ሸኝታቸዋለች። እና አንድ ምሽት ጓሮውን ስጠርግ እትዬ የሺ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ከጎመኑ መደብ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው።

"ኩለኒ አለች?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ጠራኋት። እትዬ የሺ ነጠላውን ዝቅ አድርገው አገጫቸውን አሳዩዋት። ከሥሩ ጥቂት ረጃጅም፣ የሸበቱ ፀጉሮች ነበሩ። "ካረጥኩ ወዲህ ነው" አሏት። "ለማንም አላወራሁም።" አዳዳ የተናገሩባትን ሁሉ ሰምታለች፤ አንድም ቃል ሳታነሳ በርጩማ አቀረበችላቸውና ወረንጦ ልታመጣ ገባች። ሲወጡ አቅፈው ሳሟት፤ በማግስቱም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በፊት ለፊቱ በር ገብተው፣ ሰው እየሰማ፣ "እንደምን አደርሽ ልጄ" አሏት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶች ይመጡ ጀመር። የባንክ ሠራተኛ፣ ጎመን ሻጭ፣ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ነርስ፣ ሙሽራ ከነእናቷ። አንዳንዷ በአማርኛ ጀምራ የምታፍርበት ቃል ላይ ስትደርስ ወደ ኦሮምኛ ትዞራለች፤ ሌላዋ በተቃራኒው። ተከናንበው ይገቡና ዓይናቸው ቀልቶ፣ እንባቸውን እየጠረጉ ይወጣሉ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ሴት ተሰብስቦ ሲያለቅስ የማውቀው ለቅሶ ቤት ብቻ ስለነበር፣ አንድ ቅዳሜ እማዬን ማን እንደሞተ ጠየቅኳት። ክር የከንፈር ላይ ፀጉር ሲያነሳ ዓይን ሳይወድ እንደሚያለቅስ ያወቅኩት ያኔ ነው። ወዲያው ደግሞ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። አዳዳ ቁስል ያለባትን አትነካም፤ ከፀጉሩ ሌላ የሚያሳስብ ነገር ያለባትን ሆስፒታል ትልካለች። "ባሌ አስነሺ ብሎኝ ነው" ያለቻትን አንዷን ደግሞ "አንቺስ?" ብላ ጠይቃት፣ ሴትየዋ ነጠላዋን መልሳ ተከናንባ ሳታስነሳ ሄደች።

በየካቲት፣ የሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት ሊጀመር ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ባጃጅ ማቆሚያው አጠገብ ሱዚ ስንዘል ቡሉኮ የለበሰ ሰውዬ መጣ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ለብሷል። ከኋላው ከእኛ በዕድሜ ከፍ የምትል ልጅ በሻሽ ፊቷን ሸፍና ቆማለች። ከጉቶ ጊዳ ገጠር በእግራቸው እንደመጡ ነገረንና በኦሮምኛ ጠየቀን።

"ልጆች፣ የፂማሟ በርሲስቱ ቤት የቱ ነው?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ባጃጅ ነጂዎቹም ሰምተዋል፤ አንዱ ሳቅ ብሏል። ገመዱን ለቀቅኩት።

"አዳዳ ኮ ቲ" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "አክስቴ ናት። ኑ፣ ላሳያችሁ።"

ጓደኞቼ ገመዱን ጥለው ተከተሉን። እስከ ቤታችን ድረስ እኔ ፊት ፊት፣ አባትና ልጅ ከኋላዬ፣ ልጆቹ ከእነሱ ኋላ ሆነን ሄድን።

ልጅቷ ሌሊሴ ትባላለች። ሰባተኛ ክፍል ደርሳ፣ ልጆች ስለሳቁባት ትምህርት ካቆመች ቆይታለች። አባቷ ቆሞ ነበር የሚያስረዳው። "አንቺ ልጆቹን ዝም ያሰኘሽ መምህርት ነሽ ብለውኝ ነው የመጣሁት። ሁሉንም አንሺላት። ትምህርቷን ትጨርስልኝ።"

አዳዳ ልጅቷን በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። ሌሊሴ ሻሹን ፈታች። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ጠቆር ያለ ሪዝ፣ አገጯም ላይ ለስለስ ያለ ፀጉር ነበራት። መስታወቱን የያዝኩላት እኔ ነኝ።

"ምን ትፈልጊያለሽ?" አለቻት አዳዳ።

"ሁሉንም አልኩሽ እኮ" አለ አባትየው።

"አባቴ፣ እሷን ነው የጠየቅኩት።"

ሌሊሴ መስታወቱን ወደ ፊቷ ጎትታ ራሷን አየች። ከእጄ ላይ አልወሰደችውም፤ እጄን ነው የያዘችው።

"የከንፈሬን ላይ አንሺልኝ" አለች ቀስ ብላ። "አገጬን ተዪው። የእናቴ ነው።"

አባቷ ወደ በሩ ዞረ። የቡሉኮውን ጫፍ ወደ ዓይኑ ሲያነሳ አየሁት። እናቷ እንደሞተች ከዚያ በፊት ማንም አልነገረንም ነበር።

"እውነቷን ነው" አለ ሳይዞር። "እናቷ እንደዚሁ ነበረች። መልኳ ነው።"

አዳዳ የክሩን ጫፍ በጥርሷ ያዘች።

ሰኞ ጠዋት ሌሊሴ ሰባተኛ ክፍል ሰልፍ ላይ ቆመች። አዳዳ ለርዕሰ መምህሩ ነግራላት ከሁለተኛው መንፈቅ እንድትጀምር ፈቅደውላታል። መዝሙሩ ሊጀመር ሲል ከወንዶቹ በኩል አንድ ልጅ አገጩን እያሻሸ ሳቀባት። ሌሊሴ ወደ እሱ ዞረች፤ አገጯን ቀና አደረገችና ጠግቦ እስኪያያት ጠበቀችው። ልጁ መጀመሪያ ወደ ጓደኞቹ፣ ቀጥሎ ወደ ጫማው አየ። እሷ ገና ስታየው መዝሙሩ ተጀመረ።